የተቆረጠው ቤት

«ከአርባ አንደኛው እስከ ሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ ድረስ ምንም ነገር አይከሰትም። ባለታሪኳ አትፈልግም፣ አትታገልም፣ አትለወጥም። ይህ ክፍል ቢወጣ ታሪኩ አንዳች አይጎድልበትም።»

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በእጄ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ቀን አኑሬበት ሰጥቻለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የብዕር ወለምታማ ከዚያም ይብሳል።

ያን ሪፖርት ስጽፍ በፊልም ትምህርት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬ ነበር። ትምህርቴ የታሪክ አወቃቀር ነው፤ ታሪኩ የት ይነሣል፣ የት ይታጠፋል፣ የት ይከርራል፣ ባለታሪኩ ምን ፈልጎ ማን ከለከለው የሚለው። ተማሪዎቼ «መቀስ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። የማልሰማ ይመስላቸዋል እንጂ እሰማለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስም ይለኝ ነበር።

ከተማሪዎቼ ሁሉ አንዷን አብልጬ እወዳት ነበር። ቁመቷ ከጠረጴዛ ብዙም አይበልጥም፤ ግን ሁልጊዜ ከራሷ ክብደት በላይ ተሸክማ ስለምትሄድ ጓደኞቿ «ጉንዳን» ይሏታል። ስጽፍ ትስላለች፣ ሳስረዳ ትስላለች፣ «አዳምጪ እንጂ!» ብዬ ስቆጣት የተቆጣውን ፊቴን ትስላለች። ከተመረቀች በኋላ ከአራት ጓደኞቿ ጋር ሆና ከአንድ አናጢ ቤት በላይ ያለውን ፎቅ ተከራየች። ከሥር መጋዙ ሲነሣ ወለሉ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ቀጭን መስመር የሚያሰምሩት አናጢዎቹ ለምሳ ሲወጡ ብቻ ነበር። እዚያ ተቀምጠው ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ የአኒሜሽን ፊልም ሠሩ።

ጋሼም እዚያ ነበር የሚሠራው።

ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው። እናትና አባታችን በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሱ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ካገባ ገና ስምንት ወሩ። ሚስቱን እትዬ እላታለሁ። ሙሽሮቹ ያለቻቸውን አንዲት ክፍል ከኔ ጋር ተካፈሉ፤ አልጋዬን መስኮቱ ሥር ዘረጉልኝ። ጋሼ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሠዓሊ ነበር። የመድኃኒት ቤቱ እባብ፣ የጫማ ቤቱ ጫማ፣ የፀጉር ቤቱ ጎረምሳ የሱ እጅ ነው። ጎረምሶቹ ሁሉ አንገታቸው ረዥም ነበር፤ ልክ እንደ እትዬ ወንድም። «አንተ ሰውዬ፣ ወንድሜን በየመንገዱ ሰቀልከው እኮ!» እያለች ትስቅበታለች። በዚያ ብሩሽ ነው ያሳደገኝም ያስተማረኝም። የራሳቸው ልጅ አልወለዱም።

ኋላ ሰሌዳው ሁሉ በማሽን መታተም ሲጀምር የጋሼ ሥራ እየሳሳ ሄደ። ስድሳን አልፎ እቤት ሲቀመጥ ከጉንዳን ጋር ያስተዋወቅሁት እኔው ነኝ። የጀርባ ሥዕል የሚሠራላት ሰው ትፈልግ ነበር፤ ማለት፣ ከሚንቀሳቀሱት ሰዎች ኋላ የሚታየውን ተራራ፣ ቤትና ሰማይ በእጁ የሚቀባ። በሳምንቱ መጥታ «መምህር፣ እኚህን ሰው የት ደብቀዋቸው ኖሯል?» ስትለኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ በኋላ ግን ስለ ሥራው አንድ ቀን በቅጡ ጠይቄው አላውቅም። እሁድ እሁድ እየሄድኩ አብረን ምሳ እንበላለን። «ሥራ እንዴት ነው?» እላለሁ። «ደህና ነው» ይላል። ወደ ሌላ ወሬ እናልፋለን። ምን እየሳልክ ነው ብዬ አንዲት ጥያቄ ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ፊልሙ ሲያልቅ ርዝመቱ ዘጠና ሰባት ደቂቃ ሆነ። አከፋፋዩ የልጆች ፊልም ከዘጠና ደቂቃ በላይ አልቀበልም አለ። ጉንዳን ወደ ቢሮዬ መጣች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«መምህር፣ እኔ ከእንግዲህ ማየት አልችልም። ሁሉም ልጄ ሆኗል፤ የትኛውን ልጣል? እርስዎ ይተንትኑልኝ።»

«የምልሽን ታደርጊያለሽ?»

«አደርጋለሁ» አለች። በሩ ላይ ስትደርስ ደግሞ «በደንብ ካዩት» አለች።

ታሪኩ ቀላል ነው። በአንዲት ልጅ መንደር የሚያልፈው ወንዝ አንድ ቀን ጠዋት የለም። ዓሦቹ አሸዋ ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ ይተያያሉ። ልጅቷ የደረቀውን የወንዝ መንገድ ይዛ ሽቅብ ትጓዛለች። አብሯት ሁሉን የሚፈራ፣ ምላሱ የማያርፍ ኤሊ አለ። ወንዙን የወሰደው ተራራ ላይ የሚኖር ግዙፍ ፍጡር ነው፤ እንደ አንሶላ አጣጥፎ አልጋው ሥር ሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል። ድልድይ ይሰበራል፤ ዋሻ ይዘጋል፤ ኤሊው ጠፍቶ ይገኛል። በመጨረሻ ልጅቷ ወንዙን አስለቅቃ፣ እንደ ጥጃ እየመራች ወደ መንደሯ ትመልሰዋለች።

ፎቁ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። በመጀመሪያው ቀን ሳላቋርጥ አየሁት። በሁለተኛው ሰዓቴን ከእጄ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ግድግዳው ላይ ካርድ መለጠፍ ጀመርኩ። ልጅቷ አንድ ነገር በፈለገች ቁጥር ቢጫ፣ እንቅፋት በገጠማት ቁጥር ቀይ፣ በተለወጠች ቁጥር ሰማያዊ። ሥራዬ አማረልኝ። ልክ ወገቡ ላይ ግን አንድ ክንድ የሚያህል ግድግዳ ባዶውን ቀረ።

እዚያ ላይ ልጅቷ ታማ፣ እግሯ ቆስሎ አንድ ቤት ትደርሳለች። ባልና ሚስት አሉ። ሚስትየዋ በሩን ትከፍታለች፤ ማን ነሽ አትላትም። መስኮት ሥር ያነጥፉላታል። ትተኛለች። ብርሃን ግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። ሰውየው ወንበር ይጠግናል፣ ሴትየዋ የልጅቷን ጫማ ትሰፋለች። ኤሊው እንኳ ዝም ይላል። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ትነሣለች። ሂጂም ቅሪም አይሏትም። ትሄዳለች። ይኸው ነው፤ አሥራ አንድ ደቂቃ።

«እዚህ ላይ ምን ትፈልጋለች?» አልኳት ጉንዳንን፣ ባዶውን ግድግዳ በእርሳሴ እየነካሁ።

«ምንም አትፈልግም። ደክሟታል።»

«ድካም ፍላጎት አይደለም።»

«እረፍት ትፈልጋለች እንበላ።»

«እንበል አንልም። ይህ የጀብዱ ፊልም ነው። ልጆቹ ወንበራቸው ላይ መቁነጥነጥ የሚጀምሩት እዚህ ጋ ነው።»

ጉንዳን ምስሉን አስቆመችው። የቆመው መስኮቱ ላይ ነበር፤ ከሥሩ የልጅቷ ፀጉር በከፊል ይታያል። ብዙ አቆየችው። ከታች መጋዙ ተነሣ፣ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ መጋዙ ቆመ። እኔ ሰዓቴን አየሁ።

«መምህር፣ እስቲ ትንሽ ይዩት» አለች።

«አይቼዋለሁ። ሥዕሉ ሸጋ ነው። ችግሩ ሥዕሉ አይደለም፤ ታሪኩ ሄዶ ሄዶ እዚህ ላይ ቁጭ ማለቱ ነው።»

 ክፍሉን ለሁለት ከከፈለው መጋረጃ ወዲያ ጋሼ ብሩሾቹን ያጥብ ነበር። የውሃው ድምፅ ይሰማኛል። የኛም ድምፅ ለሱ እንደሚሰማ አላሰብኩም፤ ባስብስ ምን ይመጣል ብዬ?

ከሰዓት በኋላ ከጋሼ ጋር ደረጃውን አብረን ወረድን። የደረጃውን መደገፊያ አጥብቆ ይዞ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በእግሩ ጫፍ እየፈለገ ነበር የሚወርደው። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

«ጠንከር አልክባት» አለኝ።

«ለራሷ ነው ጋሼ። ዛሬ ካልጨከነች ፊልሙ ይሞትባታል።»

«እንግዲህ ሥራህን ታውቃለህ» አለ። ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄድን።

በማግሥቱ ሪፖርቱን ጻፍኩ። አንድ ያየሁት ነገር ነበር። መጨረሻው ላይ ልጅቷ ወንዙን በአቋራጭ መውሰድ ስትችል አርቃ ታዞረዋለች፤ በዚያ ቤት መስኮት ሥር ታሳልፈዋለች፤ ባልና ሚስቱ ብቅ ብለው ያያሉ። ሃያ ሴኮንድ ነው። ቤቱ ከወጣ ይህም መውጣት ነበረበት። ግን ወንዙ ሲታጠፍ ለዓይን ያምራል። «ይህ ይቆይ፤ ማንም አይጠይቅም» ብዬ ጻፍኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን «ባለታሪኩ ያለ ምክንያት መንገድ ከቀየረ ተመልካቹ ይነቃባችኋል» እያልኩ ያስተማርኩ ሰውዬ።

ጉንዳን ቆረጠችው። ፊልሙ ሰማንያ ስድስት ደቂቃ ሆነ።

የመጀመሪያው ዕለት ትርኢት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ባለቤቴ ሥራ ስለነበረባት የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ለሠርጌ ያሰፋውን ሙሉ ልብስ ለብሷል። እትዬ ለጎረቤት ሁሉ አውርታ፣ ፀጉሯን ተሠርታ መጥታለች። አራታችንም በአንድ ረድፍ ተቀመጥን። ፊልሙ ጀመረ፤ ልጆች ሳቁ፣ ኤሊው ሲጠፋ አለቀሱ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ተቀምጫለሁ።

ድልድዩ ሲሰበር እትዬ የጋሼን ክንድ ያዘች። «አሁን ነው፣ አይደል? አሁን ነው የሚመጣው» ስትል ሰማኋት። ተራራ ሥሎ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ልጅቷ ከድልድዩ ተነሥታ እያነከሰች ሄደች፤ ምስሉ ተቀየረ፤ ዋሻው መጣ። እትዬ ወደ ባሏ ዞረች። ጋሼ እጇን መታ መታ አደረገላት። 

ከዚያ መጨረሻው ደረሰ። ልጅቷ ወንዙን እየመራች መጣች፣ አቋራጩን ተወችና ዞረች።

«አባዬ፣ ለምን በዚያ በኩል ዞረች?» አለች ልጄ። «በቀጥታ አትሄድም እንዴ?»

«ዝም ብለሽ እይ።»

«እነዚህስ እነማን ናቸው? ቅድም አልነበሩም እኮ!»

 እትዬ ጎንበስ ብላ «እኛ ነን፣ የኔ ልጅ» አለቻት።

ቀና አልኩ። ባልና ሚስቱ በመስኮቱ ቆመዋል። የመስኮቱ አንደኛው መስተዋት ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ላይ ከደብተር የተቀደደ ባለ መስመር ወረቀት ተለጥፏል። ያን መስተዋት በኳስ የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ጋሼ ሳይቆጣኝ «በል አንተው ጠግነው» ስላለኝ ከሒሳብ ደብተሬ ቀድጄ የለጠፍኩትም እኔው ነኝ። ያደግሁበት መስኮት ነው።  ደህና አድርጌ ሳላየው ወንዙ አልፎ ሄደ፤ መብራት በራ፤ ሰዉ ያጨበጭብ ጀመር።

መግቢያው አዳራሽ ላይ የማውቀውም የማላውቀውም ሰው እጄን ይጨብጠኛል። «ፍጥነቱ! አንዲት ትርፍ ነገር የለበትም!» ይሉኛል። እትዬ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«የት ሄደ?» አለችው ጋሼን። «ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብለህ የሠራኸው ቤቴ የት ሄደ?»

«ረዝሞባቸው ነው።»

«ማን ላይ ነው የረዘመው?»

«ሥራ ነው እኮ ሴትዮ። ሥራ እንዲህ ነው» አለ ጋሼ። ወደኔ አልዞረም።

እዚያ ላይ «እኔ ነኝ እትዬ» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። የልጄን ሹራብ ይዤ፣ እጅጌውን እያስተካከልኩ ዝም አልኩ። መቁረጤን ባለማወቅ ላሳብበው እችል ይሆናል፤ ያን ዝምታ ግን አውቄ ነው ያደረግሁት።

ሰኞ ጠዋት ፎቁን ወጣሁ። ጉንዳን ብቻዋን ጠረጴዛ ታጸዳለች። የለጠፍኳቸው ካርዶች አሁንም ግድግዳው ላይ ናቸው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳልነግርዎት አስምለውኛል።»

«ማን?»

«ጋሽዬ ናቸዋ። ወንድሜ ነው ብሎ እንዳያደላ፣ እውነቱን ይፍረድ አሉኝ።» ጨርቁን ጨመቀችው። «እኔ ግን ያውቁታል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሦስት ቀን ጠበቅሁ። መስኮቱ ላይ አስቁሜ ዝም ስል አሁን ይሉኛል፣ አሁን ይሉኛል እያልኩ ነበር። እርስዎ ሰዓትዎን ያያሉ።»

«መልሰን እናስገባው። ለአከፋፋዩ እኔ እጽፋለሁ።»

«ቅጂው ተልኳል መምህር። በየከተማው መታየት ጀምሯል።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ፣ ሌላውን ነገረችኝ። ጋሼ ዓይኑ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ የሚሄድ ሕመም ነበረበት። ሐኪም ቁርጡን የነገረው ፊልሙን ከመጀመሩ በፊት ነው። ለኔ አልነገረም፤ ለሷ የነገራት ሥራውን ስትሰጠው እንዳትታለል ብሎ ነው። «ዓይኔ እስካለ ድረስ ቤቴን ልሥራው አሉኝ። ለታሪኩ አንድ ቤት ያስፈልገኝ ነበር፤ እሺ አልኳቸው። ልጅቷ ለምን ለሌላ ሰው ብላ እንደምትደክም ለብዙ ጊዜ ያልገባኝ እሳቸው ሲሥሉት ነው የገባኝ።»

ደረጃውን ስወርድ ጋሼ በእግሩ ጫፍ እየፈለገ የወረደበት ቀን ትዝ አለኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አናጢዎቹ «አመመዎት እንዴ?» እያሉ ውሃ ሰጡኝ።

እሁድን አልጠበቅሁም። በዚያው ቀን ሄድኩ። እትዬ ልብስ ታጥፋለች፣ ጋሼ ሬዲዮ ይሰማል። እንደቆምኩ «የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

እትዬ የያዘችውን ሸሚዝ እንደያዘች ቀረች። ጋሼ ሬዲዮውን ዘጋ።

«አውቃለሁ» አለ። «ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰምቼሃለሁ እኮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ? ለምን አልነገርከኝም ጋሼ?»

«ብነግርህ ለኔ ብለህ ትተወው ነበር። እኔ የፈለግሁት እንደ ባዕድ ሰው እንድታየው ነው።» ሳቅ አለና «እንደ ባዕድም አየኸው» አለ።

እግሩ ሥር ልወድቅ ስል ክንዴን ይዞ አነሣኝ። «ተው እንጂ! ልጅ ያለህ ሰውዬ! ሰው የሞተ አስመሰልከው።»

እትዬ ግን አልሳቀችም። ሸሚዙን አጥፋ ጨረሰችና «ምሳ በልተሃል መምህር?» አለችኝ። ሃምሳ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ማሙዬ እያለች የጠራችኝ ሴት ናት። ያን ቀንና ከዚያ በኋላ ብዙ ወር መምህር ሆንኩባት።

አሥራ አንዱን ደቂቃ ለማግኘት ስምንት ወር ፈጀብኝ። ጉንዳንና ጓደኞቿ ፎቁን ለቀው ነበር፤ ዕቃው በየቤቱ ተበትኗል። በመጨረሻ አንደኛው ልጅ ዘንድ ተገኘና ጉንዳን በሰው ላከችልኝ። ብቻዬን ቢሮዬ ውስጥ በሬን ዘግቼ አየሁት፤ በዚህ ጊዜ ያለ ሰዓት።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ልጅቷ ትነቃለች። ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ ወንበር ይጠግናል። መንቃቷን እንዳያውቅባት ዓይኗን መልሳ ትጨፍናለች። እሱም መንቃቷን አውቆ፣ መዶሻውን አስቀምጦ፣ ድምፅ በሌለው ብርጭቆ ወረቀት እንጨቱን ማሸት ይጀምራል። የተኛች መስላ እንድትቆይ ይተዋታል። እናቴ በሞተች በሳምንቱ የሆነው ይኸው ነበር። ያን ጠዋት ከአንሶላው ሥር ሆኜ የጋሼን ጀርባ እያየሁ፣ እዚህ ቤት እቆያለሁ ብዬ ያመንኩበት ሰዓት ነው። ምንም አይከሰትም ብዬ የጻፍኩት እሱ ላይ ነው።

ኮምፒውተሩን ይዤ ወደነሱ ሄድኩ። ጋሼ ግን በነዚያ ስምንት ወራት ውስጥ ከጥላ በቀር ማየት ትቷል። ፊቱን ወደ ድምፁ መልሶ ተቀመጠ።

«የት ደረሰ?»

«ልጅቷ ገብታ ተኛች።»

«እሱን አውቀዋለሁ። ብርሃኑን ንገረኝ። ግድግዳው ላይ ያለው እንዴት ሆኗል?»

«ቢጫ ነው» አልኩ።

«ቢጫ! ቢጫ ስንት ዓይነት ነው?»

አየሁት። ደግሜ አየሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ስለ ፊልም ያወራሁበት ምላሴ ተሳሰረ። «የጠዋት ይመስላል» አልኩ።

«የጠዋት አይደለም! የማታ መዳረሻ ነው» አለ ጋሼ ቅር ብሎት።

እትዬ እጇን በፎጣ እያደረቀች መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ለረጅም ጊዜ አየች። «ፀሐይ የደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ላይ ስታርፍ ያለውን ነው» አለችው።

«እሱን ነው! እሱን ነው የፈለግሁት!» አለ ጋሼ። ወንበሬን ለቀቅሁላት። እስከ መጨረሻው የነገረችው እሷ ናት፤ የኔ ሥራ ስትለኝ ማስቆም፣ ስትለኝ ማስቀጠል ነበር። ጋሼ አንድ ቦታ ላይ «እዚያ ጋ የበሩን ጥላ አበላሽቼዋለሁ» አለ። «አላበላሸኸውም» አለችው።

ፊልሙን ልጆች ወደዱት። እስከ ዛሬም ይታያል። ከልጄ በቀር ወንዙ ለምን እንደዞረ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሪፖርቴን እንደ ጥሩ ትንተና ለተማሪዎቹ ያነብላቸዋል፤ እንዲተወው ለምኜዋለሁ፤ «ትሕትና አታብዛ» ይለኛል። ትሕትና አለመሆኑን ላስረዳው ሁለት ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል።

ጉንዳን ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ ፊልም ሠራች። ለኔ አላሳየችኝም፤ አልፈርድባትም። ለጋሼና ለእትዬ ግን ሁለት ትኬት ላከችላቸው። በመኪናዬ አድርሻቸው፣ ጋሼን ደግፌ እስከ አዳራሹ በር ሄድኩና ተመለስኩ። ከመንገዱ ማዶ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። መጠበቁ ረዘመ። ሌላው ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ብቅ አሉ። እትዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ በጆሮው ስታንሾካሽክ ቆይታ ድምጿ ጎርንኗል።

«እንዴት ነበር?» አልኳቸው በሩን እየከፈትኩ።

«ረዥም ነው» አለ ጋሼ፣ ጭንቅላቱን እንዳይመታ በእጁ ጣሪያውን እየፈለገ። «ግን አልሰለቸኝም።»

እትዬ ከኋላ ገባች። ቤት እስክንደርስ ድረስ ስለ ፊልሙ ሲያወሩ፣ ሲከራከሩ፣ ሲስቁ ሄዱ። እኔ ስለማላውቀው ዝም ብዬ ነዳሁ።